ትንሽ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ፣ ትልቅ ኮሌጅ ወይስ የሙያ ማሠልጠኛ? በዋሽንግተን አካባቢ ለሚኖሩ ተማሪዎችና ወላጆች የቀረበ የንጽጽር መመሪያ

ከሲልቨር ስፕሪንግ ተነስቶ በየአቅጣጫው አንድ ሰዓት ያህል የሚነዳ ሰው ቢያንስ አምስት የሕዝብ ኮሚዩኒቲ ኮሌጆችን ያገኛል። ሞንጎመሪ ኮሌጅ በታኮማ ፓርክና ሲልቨር ስፕሪንግ፣ በሮክቪልና በጀርመንታውን ካምፓሶች አሉት። ኖቫ በሚለው አጭር ስሙ የሚታወቀው የሰሜን ቨርጂኒያ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከአሌክሳንድሪያ አንስቶ እስከ ማናሳስ ድረስ ስድስት ካምፓሶችን ዘርግቷል። ከከተማው ወጣ ሲባል ደግሞ በተማሪ ቁጥር ከሁለቱ በጣም የሚያንሱት የፍሬድሪክ፣ የካሮልና የሎረል ሪጅ ኮሌጆች አሉ። ከእነዚህ ጎን በጥቂት ሳምንታት ሥራ እንደሚያስይዙ የሚያስተዋውቁ የግል ማሠልጠኛዎች፣ ከበላያቸውም የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲዎች ቆመዋል። የቤት ዋጋ እየገፋቸው ወደ ፍሬድሪክና ወደ ሄገርስታውን የሄዱ ቤተሰቦች በአቅራቢያቸው ያለው ትንሽ ኮሌጅ ይበቃቸው እንደሆነ፣ ወይስ ልጃቸውን በየቀኑ ወደ ትልቁ ኮሌጅ ማመላለስ እንደሚሻል ይጨነቃሉ። ጭንቀታቸው ተገቢ ነው።

ብዙዎቻችን ኮሌጅ የምንመርጠው በቤታችን ቅርበት ወይም ቀድሞ የገባ ዘመድ በነገረን ነው። ሁለቱም የሚናቁ ምክንያቶች አይደሉም፤ ሆኖም ዋናውን ጥያቄ አይመልሱም። ዋናው ጥያቄ፣ እኔ የምፈልገውን ይህን አንድ ፕሮግራም፣ አሁን ባለኝ የሥራ ሰዓትና ገንዘብ፣ እዚህ ጀምሬ እዚሁ መጨረስ እችላለሁ ወይ የሚለው ነው። ከዚህ በታች ያለው ንጽጽር በሙሉ የሚመዘነው በዚህ ጥያቄ ነው።

ከንጽጽሩ በፊት መታወቅ ያለበት

ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ከ1901 ጀምሮ፣ ማለትም በኢሊኖይ ግዛት የጆሊየት ኮሌጅ ከተከፈተ ወዲህ፣ በአሜሪካ እየተስፋፋ የመጣ የሁለት ዓመት የሕዝብ ኮሌጅ ነው። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቱን ያጠናቀቀን ሰው ሁሉ ተወዳድሮ እንዲያልፍ ሳይጠይቅ ይቀበላል፤ ነርሲንግንና ራዲዮግራፊን (የራጅ ምስል ሙያን) የመሳሰሉት ክፍሎች ግን የራሳቸው የመግቢያ ውድድር አላቸው። ይህን ባለማወቅ «ኮሌጁ ተቀብሎኛል» ማለትን «ነርሲንግ ገብቻለሁ» ከማለት ጋር የሚያምታቱ ተማሪዎች ብዙ ናቸው።

የአሶሼት ዲግሪ፣ ማለትም የሁለት ዓመቱ ዲግሪ፣ አብዛኛውን ጊዜ 60 ክሬዲት (ለየኮርሱ የሚቆጠር የትምህርት መለኪያ) ነው፤ ዓይነቱ ግን አንድ አይደለም። አሶሼት ኦፍ አርትስና አሶሼት ኦፍ ሳይንስ የሚባሉት ወደ አራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ ለመዛወር የተዘጋጁ ናቸው። አሶሼት ኦፍ አፕላይድ ሳይንስ የሚባለው ደግሞ በቀጥታ ወደ ሥራ ለመግባት የተቀረጸ በመሆኑ፣ በኋላ ወደ ዩኒቨርሲቲ ሲኬድ ከኮርሶቹ ብዙዎቹ ላይቆጠሩ ይችላሉ። ነርሲንግ በዚህ ረገድ ለየት ይላል፤ በአሶሼት ዲግሪ ፈቃድ ያገኘ ነርስ ወደ ባችለር የሚያድግበት የተዘጋጀ መንገድ አለ። ከዲግሪዎቹ ሌላ ኮሌጆቹ ክሬዲት የሌላቸው አጫጭር የሥራ ሥልጠናዎችን ይሰጣሉ፤ ሲኤንኤ (የነርስ ረዳትነት)፣ ደም ቀጂነት፣ የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ፣ የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ጥገና፣ የኮምፒውተር ድጋፍ የመሳሰሉት በዚህ ክፍል ይገኛሉ።

መመዘኛዎቹ

*ዕውቅና።* ሁለት እርከን አለው። የመጀመሪያው የኮሌጁ ራሱ ዕውቅና ሲሆን፣ በሜሪላንድና በዲሲ ሚድል ስቴትስ የሚባለው ኮሚሽን፣ በቨርጂኒያ ደግሞ ሳክስኮክ የሚባለው ይሰጠዋል። ሁለተኛው የፕሮግራሙ ዕውቅና ነው። የራዲዮግራፊ ተማሪ ጄአርሰርት የሚባለው አካል ፕሮግራሙን ማጽደቁን፣ የነርሲንግ ተማሪ ደግሞ የግዛቱ የነርሲንግ ቦርድ ፕሮግራሙን መፍቀዱንና ኤሲኢኤንን የመሰለ ብሔራዊ አካል ዕውቅና መስጠቱን መጠየቅ አለበት። ዕውቅና አለን የሚል ቃል ብቻውን አያስተማምንም። በ2015 የተዘጉት የኮሪንቲያን ኮሌጆችም ሆኑ በ2016 የተዘጋው አይቲቲ ቴክ የተባለው ሰንሰለት የዕውቅና ወረቀት ነበራቸው፤ ተማሪዎቻቸው ግን ዕዳና ሌላ ተቋም የማይቀበለው ክሬዲት ይዘው ቀርተዋል። ስለዚህ ማን ዕውቅና እንደሰጠና ዩኒቨርሲቲዎች ያንን ዕውቅና ይቀበሉት እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

*የክሬዲት መዛወር።* የአሜሪካ መንግሥት ተጠያቂነት ቢሮ በ2017 ባወጣው ሪፖርት መሠረት፣ ከ2004 እስከ 2009 ተቋም የቀየሩ ተማሪዎች በአማካይ 43 በመቶ ያህል ክሬዲታቸውን አጥተዋል። ከሕዝብ ተቋም ወደ ሕዝብ ተቋም የተዛወሩት 37 በመቶ ሲያጡ፣ ለትርፍ ከሚሠራ የግል ትምህርት ቤት ወደ ሕዝብ ተቋም የተዛወሩት ግን 94 በመቶ ያህሉን አጥተዋል። ይህ ቁጥር በእኔ አስተያየት በዚህ መመሪያ ውስጥ ካሉት ቁጥሮች ሁሉ ከባዱ ነው፤ ሁለት ዓመት ተምሮ ከዜሮ መጀመር ማለት ነውና። መከላከያው ኮሌጁ ከዩኒቨርሲቲው ጋር የተፈራረመው የዝውውር ስምምነት ነው። ኖቫ ከጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ ጋር ያለው አድቫንስ የተባለው ፕሮግራም ጥሩ ምሳሌ ነው፤ ተማሪው ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ የትኞቹን ኮርሶች እንደሚወስድ ተዘርዝሮ ይሰጠዋል። በሜሪላንድ በኩል ደግሞ በሮክቪል የሚገኘው የሼዲ ግሮቭ ዩኒቨርሲቲዎች ማዕከል ከኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሚመጡ ተማሪዎች ሦስተኛና አራተኛ ዓመታቸውን የሚጨርሱበት ቦታ ነው።

*እውነተኛ ወጪ።* በአገር አቀፍ ደረጃ የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ዓመታዊ የትምህርት ክፍያ ለአካባቢው ነዋሪ በአማካይ 4,000 ዶላር አካባቢ ነው። ፔል ግራንት የሚባለው የማይመለስ የፌዴራል ድጋፍ በ2025 እና 2026 የትምህርት ዘመን ከፍተኛው መጠን 7,395 ዶላር በመሆኑ፣ ገቢው ዝቅተኛ የሆነ የሙሉ ጊዜ ተማሪ ክፍያውን ሸፍኖ ለመጽሐፍና ለመጓጓዣ ሊተርፈው ይችላል። ይሁን እንጂ ድጋፉ የሚሰላው በተያዘው ክሬዲት መጠን ነው፤ 12 ክሬዲት የያዘ ሙሉውን ሲያገኝ፣ 6 ክሬዲት የያዘ ግማሹን ብቻ ያገኛል። ፋፍሳ የሚባለው የፌዴራል ድጋፍ ማመልከቻ የሚመለከተው ከሁለት ዓመት በፊት የነበረውን ገቢ ነው። በዚያን ጊዜ ጥሩ ደመወዝ የነበረው፣ አሁን ግን ከሥራ የወጣ ሰው ወደ ኮሌጁ የገንዘብ ድጋፍ ቢሮ ሄዶ ሁኔታው መለወጡን በማስረጃ አስደግፎ እንደገና እንዲታይለት መጠየቅ ይችላል፤ ብዙዎች ይህን መብት ሳያውቁት ያልፋል።

ፔል በዕድሜ ልክ የሚፈቀደው ለ12 ሴሚስተር ያህል ብቻ ስለሆነ፣ ደካማ ትምህርት ቤት ውስጥ የባከነ ሴሚስተር ሁለተኛ አይተካም። የመጀመሪያ ዲግሪ ያለው ሰው ደግሞ፣ ዲግሪውን ያገኘው ከአዲስ አበባም ቢሆን፣ መደበኛውን ፔል አያገኝም። ሌላው የሚዘነጋ ነገር ሴሚስተሩ 60 በመቶ ሳይሞላ ትምህርቱን ያቋረጠ ተማሪ ከተሰጠው የፌዴራል ገንዘብ የተወሰነው ተመላሽ ይሆናል፤ ኮሌጁም ልዩነቱን ከተማሪው ይጠይቃል። በብዙ ቤተሰቦች ውስጥ ያልተጠበቀ የኮሌጅ ዕዳ የተፈጠረው በዚህ መንገድ ነው።

በሜሪላንድ ክፍያው በካውንቲ ይለያያል፤ የካውንቲው ነዋሪ፣ የሌላ ካውንቲ ነዋሪና የሌላ ግዛት ነዋሪ የተለያየ ዋጋ ይከፍላሉ። በሞንጎመሪ ካውንቲ እየኖረ ትንሽነቱን ወድዶ ወደ ፍሬድሪክ ኮሌጅ የሚሄድ ተማሪ ከጎረቤቱ የበለጠ ይከፍላል ማለት ነው። ግዛቱ የሰው ኃይል እጥረት አለባቸው ብሎ ለለያቸው አንዳንድ ፕሮግራሞች ግን የሌላ ካውንቲ ተማሪም በነዋሪ ዋጋ የሚማርበት ሥርዓት አለ፤ ሬጅስትራሩን፣ ማለትም የኮሌጁን የምዝገባ ቢሮ፣ መጠየቅ ይገባል። ቨርጂኒያ በበኩሏ 23ቱን ኮሌጆቿን በአንድ ሥርዓት ስለምታስተዳድር እንዲህ ያለ የካውንቲ አጥር የለም።

*የኮርስ ሰሌዳ።* ትንሽና ትልቅ ኮሌጅን በእውነት የሚለያቸው ይህ ስለሆነ ጠለቅ ብዬ ልመልከተው። በትልቅ ኮሌጅ አናቶሚና ፊዚዮሎጂ አንድ የሚባለው ስለ ሰው አካል የሚያስተምር ኮርስ በአንድ ሴሚስተር ውስጥ በጠዋት፣ በማታ፣ በቅዳሜና በኢንተርኔት በብዙ ክፍል ይሰጣል። በትንሽ ኮሌጅ ግን በመስከረም ብቻ፣ ምናልባትም በአንድ ክፍል ብቻ ሊሰጥ ይችላል፤ ተከታዩ ኮርስ ደግሞ በጥር ብቻ ይሆናል። መስከረም ላይ ያመለጠው ወይም የወደቀ ተማሪ ሙሉ ዓመት ይጠብቃል። የምዝገባው ቁጥር ካልሞላም ኮርሱ ሴሚስተሩ ሊጀመር ቀናት ሲቀሩት ይሰረዛል፤ የሥራ ፈረቃውን አስተካክሎ፣ ልጆቹን የሚጠብቅ ሰው አዘጋጅቶ ለነበረ ወላጅ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ጉዳቱ በነርሲንግ ጎልቶ ይታያል። ብዙ የነርሲንግ ክፍሎች የሳይንስ ኮርሶች ከአምስት ወይም ከሰባት ዓመት በላይ እንዳያስቆጥሩ ይጠይቃሉ። ሌሊት በአረጋውያን መንከባከቢያ እየሠራች በየሴሚስተሩ አንድ ኮርስ ትወስድ የነበረች አንዲት እናት አውቃለሁ። ኮርስ ሲሰረዝባት እየጠበቀች፣ ሲገኝ እየወሰደች አምስት ዓመት ፈጀባት፤ ለማመልከት በተዘጋጀችበት ሰሞን የመጀመሪያው የባዮሎጂ ኮርሷ ጊዜው ማለፉ ተነገራት። ውጤቷ ኤ ነበር። ስንፍና የለባትም፤ መጀመሪያ ላይ አንድ ሰው ተቀምጦ የአምስቱን ዓመት ሰሌዳ ቢያወጣላት ኖሮ ያ ባልደረሰባት ነበር።

ስለዚህ ትንሽ ኮሌጅ ሲመረጥ ሊጠየቅ የሚገባው የዚህን ሴሚስተር የኮርስ ዝርዝር ሳይሆን የሁለት ዓመቱን ነው። የትኛው ኮርስ በየትኛው ሴሚስተር፣ ቀን ወይስ ማታ፣ በስንት ክፍል እንደሚሰጥና ባለፉት ሁለት ዓመታት የተሰረዘ እንደሆነ በጽሑፍ ማስወጣት ይገባል። ጥያቄው የሚቀርበው ለምዝገባ ክፍል ሠራተኛ ሳይሆን ለትምህርት ክፍሉ ኃላፊ ነው፤ በትንሽ ኮሌጅ ደግሞ ኃላፊውን ማግኘት ቀላል ነው፤ ይህ ራሱ የትንሽ ኮሌጅ አንድ ትልቅ ጥቅም ነው።

*ድጋፍ።* የእንግሊዝኛ ትምህርት ስንት ደረጃ አለው? የሒሳብ አጋዥ ማዕከል ማታ ክፍት ነው? ለአንድ አማካሪ ስንት ተማሪ ይደርሰዋል? የሕፃናት ማቆያ አለ? አውቶቡስ ይደርሳል? የሞንጎመሪ ካውንቲ ራይድ ኦን አውቶቡስ ከ2025 ጀምሮ ያለ ክፍያ የሚሠራ በመሆኑ መኪና ለሌለው ተማሪ ወጪው በእጅጉ ይቀላል፤ በገጠር ቀመስ ካውንቲዎች ግን ያለ መኪና መማር አስቸጋሪ ነው።

*ውጤት።* የፌዴራሉ መንግሥት በኢንተርኔት የሚያወጣው የተለመደው የምረቃ መጠን ለመጀመሪያ ጊዜ ኮሌጅ ገብተው በሙሉ ጊዜ የሚማሩትን ብቻ፣ ያውም በሦስት ዓመት ውስጥ የጨረሱትን ይቆጥራል። የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተማሪ ግን በአብዛኛው ሥራ እየሠራ በትርፍ ጊዜው የሚማር ነው። ሳይመረቅ ወደ ዩኒቨርሲቲ የተዛወረም እንደ ተመራቂ አይቆጠርም። ስለዚህ ዝቅተኛ የምረቃ መጠን አይቶ ኮሌጅን መናቅ ስሕተት ነው። ከዚያ ይልቅ የግዛቱ የነርሲንግ ቦርድ በየፕሮግራሙ የሚያወጣውን የኤንክሌክስ (የነርስ ፈቃድ) ፈተና የማለፍ መጠን መመልከት፣ ትምህርት ክፍሉንም ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ጀምሮ ስንት ሰው እንደጨረሰ መጠየቅ ይሻላል። ሁለቱ ቁጥሮች አብረው መታየት አለባቸው፤ ከአርባ ተማሪ አሥራ አምስቱን ብቻ ያስቀረ ፕሮግራም አሥራ አምስቱም ፈተናውን ቢያልፉለት መቶ በመቶ ብሎ ሊያስተዋውቅ ይችላልና።

አማራጮቹ በመመዘኛዎቹ ሲታዩ

*ትንሽ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ።* ጥንካሬው ሰው መሆንዎ የሚታወቅበት ቦታ መሆኑ ነው። መምህሩ በስምዎ ይጠራዎታል፤ ሁለት ቀን ቢቀሩ ይጠይቃል። የሙያ መምህራኑ ከአካባቢው ሆስፒታል፣ ፋብሪካና ጋራዥ ጋር በግል ስለሚተዋወቁ ጎበዝ ተማሪን ደውለው ለሥራ ያስተዋውቃሉ። ከትምህርት ርቆ ለቆየ፣ በእንግሊዝኛው ለሚያፍር ሰው ይህ ቅርበት ከማንኛውም አጋዥ ማዕከል ይበልጣል ብዬ አምናለሁ። ድክመቱ ከላይ የተገለጸው ሰሌዳ ነው፤ በዚያ ላይ የፕሮግራም ምርጫው ጠባብ ነው፣ የእንግሊዝኛ ደረጃዎቹ ጥቂት ሊሆኑ ይችላሉ፣ ለነርሲንግ የሚቀበለው ቡድንም አነስተኛ ነው። ሐሳቡን ለመቀየር የሚያስብ ወጣት በትንሽ ኮሌጅ ውስጥ የሚቀይርበት ብዙ አማራጭ አያገኝም። የጎደለውን አንድ ሁለት ኮርስ ከሌላ ኮሌጅ በኢንተርኔት ወስዶ ማሟላት ግን ይቻላል፤ አስቀድሞ የጽሑፍ ፈቃድ ማግኘት ብቻ ያስፈልጋል።

*ትልቅ ባለ ብዙ ካምፓስ ኮሌጅ።* የሰዓት አማራጩ ሰፊ ነው፤ ኡበር ለሚነዳ፣ ፓርኪንግ ለሚሠራ፣ ፈረቃው ለሚቀያየርበት ሰው ይህ ሕይወት አድን ነው። ከዩኒቨርሲቲዎች ጋር ያለው ስምምነት ብዙ ነው፤ የእንግሊዝኛ ትምህርቱ ከጀማሪ እስከ ኮሌጅ ደረጃ የተዘረጋ ነው፤ አማርኛ የሚናገር የትምህርት ጓደኛም አይጠፋም። በሌላ በኩል አማካሪ ለማግኘት ወረፋ አለ፤ በየቀጠሮው የተለያየ አማካሪ የተለያየ ምክር ሊሰጥ ይችላል። አንድ ኮርስ በአንድ ካምፓስ፣ ሌላው በሌላው ሲሆን በካምፓሶቹ መካከል ያለው የትራፊክ መጨናነቅ ጊዜን ይበላል። ራሱን ችሎ የሚጠይቅና የሚከታተል ተማሪ ይጠቀምበታል፤ ዝምተኛ ተማሪ ግን ሳይታይ ሊጠፋ ይችላል።

*የግል የሙያ ማሠልጠኛ።* ፍጥነቱ እውነት ነው፤ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሲኤንኤ ወይም የከባድ መኪና ሾፌር የሆኑ ወገኖቻችን ቤተሰብ እያስተዳደሩ ናቸው። ሲኤንኤ የሚያሠለጥን ድርጅት በግዛቱ የነርሲንግ ቦርድ የጸደቀ መሆን አለበት። ከየካቲት 2022 ጀምሮ ለከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ የሚሰጥ የጀማሪ ሥልጠና የሚቀበለው በፌዴራሉ የአሠልጣኞች መዝገብ ላይ ከተመዘገበ ድርጅት ብቻ ነው። በሜሪላንድ የግል የሙያ ትምህርት ቤቶችን የሚፈቅደው የግዛቱ የከፍተኛ ትምህርት ኮሚሽን ነው፤ ቨርጂኒያም የራሷ ምክር ቤት አላት። ስማቸው በመዝገቡ ላይ ከሌለ ገንዘብ መክፈል አይገባም። ረዘም ያለና በብድር የሚከፈል፣ በብዙ ሺህ ዶላር የሚገመት የሕክምና ረዳትነት ወይም የኮምፒውተር ፕሮግራም ሲሆን ግን ያው ሥልጠና በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ በምን ያህል እንደሚሰጥ ሳያነጻጽሩ መፈረም አይመከርም። ውሉ በእንግሊዝኛ ከሆነ የሚያነብልዎ ሰው ይዘው ይሂዱ፤ የዛሬ ብቻ ቅናሽ አለ ብሎ ለሚያጣድፍ ሰው ምንም ነገር አይፈርሙ።

እዚህ ላይ አንድ አዲስ ነገር አለ። በ2025 የወጣው የፌዴራል ሕግ ከጁላይ 1 ቀን 2026 ጀምሮ 8 ሳምንትና ከዚያ በላይ፣ ግን ከ15 ሳምንት በታች የሚፈጁና ከ150 እስከ 599 ሰዓት ያላቸው አጫጭር ሥልጠናዎች በፔል እንዲሸፈኑ ፈቅዷል። ፕሮግራሙ በግዛቱ መጽደቅና ቢያንስ 70 በመቶ ሠልጣኞቹ የሚጨርሱትና 70 በመቶው ሥራ የሚያገኙበት መሆን አለበት። ከዚህ በኋላ አጭር ሥልጠና የሚፈልግ ሰው ከኪሱ ከመክፈሉ በፊት ፕሮግራሙ በዚህ ሥርዓት ጸድቆ እንደሆነ ይጠይቅ።

*የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ በቀጥታ።* ሙሉ ወይም ከፍተኛ ስኮላርሺፕ ላገኘ ወጣት ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ግድ አይደለም፤ አንዳንድ ዩኒቨርሲቲዎች ትልቁን ስኮላርሺፕ የሚሰጡት ለመጀመሪያ ዓመት ገቢዎች በመሆኑ ይህን ዕድል መተው ሊያስጸጽት ይችላል። ያለ ስኮላርሺፕ በብድር መጀመር ግን የመጀመሪያዎቹን ሁለት ዓመታት አጠቃላይ ኮርሶች በብዙ እጥፍ ዋጋ መግዛት ነው።

ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መመዘኛ | ትንሽ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ | ትልቅ ኮሚዩኒቲ ኮሌጅ | የግል የሙያ ማሠልጠኛ | የአራት ዓመት ዩኒቨርሲቲ |
|---|---|---|---|---|
| ክፍያ | ዝቅተኛ፤ በሜሪላንድ ከሌላ ካውንቲ ለሚመጣ ይጨምራል | ዝቅተኛ | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ | ከፍተኛ፤ ስኮላርሺፕ ይለውጠዋል |
| የሰዓት አማራጭ | ጠባብ | ሰፊ፤ ማታና ቅዳሜም አለ | ለአጭር ሥልጠና ምቹ | በአብዛኛው ቀን |
| የክሬዲት መዛወር | ጥሩ፤ ስምምነቱ ይረጋገጥ | በጣም ጥሩ፤ ስምምነቶቹ ብዙ | ደካማ | አያስፈልግም |
| የመምህርና የአማካሪ ቅርበት | ከፍተኛ | በተማሪው ጥረት ይወሰናል | ይለያያል | ይለያያል |
| የእንግሊዝኛ ድጋፍ | ውስን | ሰፊ | ብዙ ጊዜ የለም | ውስን |
| ወደ ሥራ የሚወስደው ጊዜ | ከሳምንታት እስከ ሁለት ዓመት | ከሳምንታት እስከ ሁለት ዓመት | ከሳምንታት እስከ አንድ ዓመት | አራት ዓመት |
| ዋናው አደጋ | የሚሰረዝና በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚሰጥ ኮርስ | ያለ ክትትል መጥፋት | የማይቆጠር ክሬዲትና ዕዳ | የብድር ጫና |

ለማን የትኛው?

ከሁለተኛ ደረጃ የወጣና ወደፊት ምን እንደሚያጠና ያልወሰነ ወጣት ወደ ትልቁ ኮሌጅ ቢገባ ይሻለዋል፤ ሐሳቡን ቢቀይር ሌላ ኮሌጅ ሳይፈልግ እዚያው ይቀይራል። ወላጅም ልጁን ከመጀመሪያው ሴሚስተር ጀምሮ የዝውውር ስምምነት ባለው መስመር ላይ መመዝገቡን ይጠይቀው። የሚያጠናውን አስቀድሞ ያወቀ፣ ፕሮግራሙም በቤቱ አቅራቢያ ባለው ትንሽ ኮሌጅ የሚሰጥ ከሆነ ግን ርቆ የሚሄድበት ምክንያት የለም።

ሌሊት እየሠራች ነርሲንግ ለምትፈልግ እናት ምክሬ የተቀላቀለ ነው። የሰዓት ምርጫ ስለሚያስፈልጋት የቅድመ ሁኔታ ኮርሶቿን በትልቁ ኮሌጅ ወይም በኢንተርኔት ትውሰድ፤ ለነርሲንግ ክፍሉ ግን ትልቁም ትንሹም ዘንድ ታመልክት፤ አንዳንድ ጊዜ በትንሹ ኮሌጅ ያለው የአመልካች ቁጥር ያነሰ ይሆናል። ኮርሶቿ በሁለቱም ኮሌጅ የሚቆጠሩ መሆናቸውን በጽሑፍ ታረጋግጥ፤ የክሊኒካል ልምምዱ በአብዛኛው ቀን ስለሆነም በነርሲንጉ ሁለት ዓመት ውስጥ ሥራዋን እንዴት እንደምትቀንስ ከባለቤቷ ወይም ከቤተሰቧ ጋር አስቀድማ ትወያይ።

ዕድሜው ከአርባ ያለፈ፣ ቤተሰብ የሚያስተዳድርና በአንድ ዓመት ውስጥ ሙያ መቀየር ለሚፈልግ አባት ትንሹ ኮሌጅ ተመራጭ ነው። የማሞቂያና የማቀዝቀዣ ጥገና፣ ኤሌክትሪክ ወይም ብየዳ ሲሆን ክፍሉ አነስተኛ መሆኑ በመሣሪያው ላይ የሚሠራበትን ሰዓት ያበዛለታል፤ መምህሩም ቀጣሪዎችን ያውቃል። ቨርጂኒያ የሚኖር ከሆነ ገቢያቸው ከተወሰነ መጠን በታች የሆነ ነዋሪዎች ተፈላጊ ሙያዎችን ያለ ክፍያ እንዲማሩ ከ2021 ጀምሮ የተዘረጋውን ጂ ስሪ የተባለ ፕሮግራም ሳይጠይቅ አይመዝገብ። ሜሪላንድም የኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ፕሮሚስ ስኮላርሺፕ አላት።

ከሁሉም በፊት ገንዘብ በአስቸኳይ የሚያስፈልገው ሰው ሲኤንኤን ወይም ሌላ አጭር ሥልጠና ቢጀምር አይወቀስም። ሥልጠናውን ግን በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ የሥራ ማሠልጠኛ ክፍል ቢወስደው ለቀጣዩ ትምህርቱ በሩን የሚያውቀው ቦታ ይሆንለታል።

አገር ቤት ዲግሪ ይዞ የመጣ ሰው እንደገና ከአንድ ከመጀመሩ በፊት ማስረጃውን በሚታወቅ ገምጋሚ ድርጅት ያስገምግም። የነርስነት ዲግሪ ያለው በብዙ ግዛቶች ማስረጃው ተመርምሮና የእንግሊዝኛ ፈተና አልፎ በቀጥታ ለኤንክሌክስ ሊቀመጥ ይችላል፤ ሁለት ዓመት መልሶ መማር ላያስፈልገው ይችላል። በሌላ ሙያ የተመረቀም አጠቃላይ ኮርሶቹ ተቆጥረውለት የቀሩትን ጥቂት ኮርሶች ብቻ ሊወስድ ይችላል። መደበኛውን ፔል ስለማያገኝ ለእሱ ርካሹ ክፍያና አጭሩ መንገድ ከሁሉም ይበልጣሉ።

ግሪን ካርድ ያለው ሰው እንደ ዜጋ ሁሉ ፋፍሳን ሞልቶ የፌዴራል ድጋፍ ሊጠይቅ ይችላል። የጥገኝነት ጉዳያቸው ገና በሂደት ላይ ያለ ወገኖች ግን የፌዴራል ድጋፍ አያገኙም፤ የነዋሪ ክፍያ የሚፈቀድላቸው መሆኑም በግዛቱና በሰነዳቸው ይወሰናል። ለእነሱ የሚመረጠው ኮሌጅ የመኖሪያ ማረጋገጫቸውን ተመልክቶ የነዋሪ ዋጋ የሚሰጣቸው ኮሌጅ ነው። ትንሽም ይሁን ትልቅ፣ ሬጅስትራሩ ዘንድ በአካል ቀርበው የሥራ ፈቃዳቸውን፣ የቤት ኪራይ ውላቸውንና የግብር ሰነዳቸውን ይዘው ይጠይቁ፤ አንዱ ሠራተኛ አይሆንም ቢል የነዋሪነት ውሳኔው በኃላፊ እንዲታይ በጽሑፍ ያመልክቱ። ውሳኔው እስኪመጣ ድረስ በካውንቲው የጎልማሶች ፕሮግራም የሚሰጠውን የእንግሊዝኛ ትምህርት መጀመር ይቻላል።